አባቴ ከደጅ የቆየባቸው ዓመታት

ልጅ ሳለሁ፣ ከዲላ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እንሰትና ቡና በሸፈነው ተዳፋት ላይ በነበረው ግቢያችን፣ ምሽት የሚባለው አባቴ በርጩማውን ወደ እሳቱ ስቦ ሲቀመጥ ይጀምር ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንዱ «ትልቋ» የምንላት የመጀመሪያ ሚስቱ ቤት ነው፤ ሌላው የእናቴ። አባቴ በራሶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አጎቴ ነው። የወለደኝ ታላቅ ወንድሙ ነበር። እሱ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ሲሞት፣ በራሶ እንደ አገራችን ልማድ የወንድሙን ሚስት ከነልጆቿ ተረከበ። ይህን ሰዎች ነግረውኛል፤ ያኔ ግን ለእኔ አባት ማለት እሱ ብቻ ነበር።

የሁለቱም ቤት ልጆች በትልቋ ቤት እንሰበሰባለን። ጎደሬው ፍም ውስጥ ተቀብሮ ሲበስል፣ የኩራዙ ጭስ ወደ ጣራው ሲወጣ፣ እሱ በጌዴኦኛ ያወራልናል። ቀደም ሲል ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ነበር የሚያወራው። ዲላ ወደሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ለጥምቀት ትምህርት መሄድ ከጀመረ በኋላ ግን እሑድ የሰማውን ሁሉ እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ለእኛ ሲያድለን ይሰነብታል። ወንድሞቹ የሸጡት ዮሴፍ በእሱ አፍ የእኛ አገር ልጅ ነው። የገዙት ነጋዴዎች በጪጩ ገበያ በኩል አልፈው፣ ዝናብ አግኝቷቸው፣ አንዲት ሴትዮ ቤት ተጠልለው ነው ወደ ግብፅ የወረዱት። ታናሽ ወንድሜ ሴትዮዋ የት እንደምትኖር ሲጠይቀው ሳያመነታ ሰፈሯን ይነግረው ነበር።

ሚሲዮኑ ውስጥ የሚያስተምሩት መምህር ጴጥሮስ የሚባሉ፣ ከሲዳማ የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የሚሲዮኑን ቄስ ደግሞ ሁላችንም «አባ» እንላቸዋለን። ጸሎቱ የሚጠናው በአማርኛ ነበርና አባቴ በዚያ በኩል ብዙ ተቸግሯል። እመቤታችንን ሁልጊዜ «አንተ» ይላታል። መምህሩ «አንቺ ነው የሚባለው፣ በራሶ» ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል፤ ከዚያም እንደገና «አንተ» ይላታል። እኛ ልጆች አማርኛ ተምረን ስለነበር ክንዳችንን ነክሰን እንስቃለን። እሱ ግን አያፍርም። ከመንገዱ ግማሽ ሳንደርስ ጸሎቱን ደጋግሞ ይለዋል፣ ቤት ስንደርስም ይለዋል።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ በዋዜማው ከሚጠመቁት ጋር ስማችን እንደተነገረ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መምህር ጴጥሮስ ግቢያችን መጡ። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ፊታቸውን ሳይ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ከእሳቱ ማዶ ተቀመጡና እጃቸውን አሞቁ።

«በራሶ ወንድሜ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስለ ጋብቻህ አባ ጠይቀውኛል። የቤተ ክርስቲያን ሕግ አንድ ሚስት ነው። ልትጠመቅ ከሆነ የመጀመሪያዋን ትይዛለህ፣ ሌላዋን…» አልጨረሱትም።

እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር።

«የወንድሜ ሚስት ናት» አለ አባቴ። «ወንድሜ ሲሞት ቤቷ ሰው አልነበረውም። እኔ ነኝ የገባሁበት።»

«አውቃለሁ። ለአባም ነግሬያቸዋለሁ። እህሏንና ልብሷን ብትችልላት፣ ለየብቻ ብትኖሩ፣ ይበቃል ይላሉ።»

«እህሉ አያቅተኝም። ግን በራሶ አሰናበታት ይባላል። ልጆቿ ይህን እየሰሙ ያድጋሉ።»

ያኔ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ገደብ ከተማ ወንድሞች አሉኝ። እዚያ እሄዳለሁ። በእኔ ምክንያት አይቅርብህ» አለች። ይህን ስትል እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር።

መልሱን የሰጠችው ትልቋ ናት። እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ፣ «ይቺ ልጅ ከዚህ ግቢ ከወጣች እኔም ተከትያት ነው የምወጣው» አለች። ከዚያም ጎደሬውን ከፍሙ አውጥታ የመጀመሪያውን ለመምህሩ ሰጠቻቸው።

«ማንም የትም አይሄድም» አለ አባቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔን ይዞ አባ ዘንድ ገባ። አባ ጢማቸው የሸበተ፣ አማርኛቸውን ቀስ እያሉ የሚናገሩ ፈረንጅ ነበሩ። አባቴ ነገሩን በጌዴኦኛ አስረዳ፣ መምህር ጴጥሮስ ተረጎሙ። አባ ብዙ ጠየቁት። ሕጉን ለመለወጥ ሥልጣን እንደሌላቸውም ነገሩት፤ ሲነግሩት ያዘኑ ይመስሉ ነበር። አባቴ እስኪጨርሱ ጠበቀና በራሱ አማርኛ፣ «አባ፣ ልጆቹን አጥምቅልኝ። እኔ ደጅ እጠብቃለሁ» አላቸው። አባ ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ጥምቀት ካላገኘ ትምህርቱን ይተዋል ብለው ያሰቡ ነበሩ። እሱ ግን የቀሩትን ምሽቶች ሁሉ እኛን በማዘጋጀት አሳለፋቸው። ምሥጢራቱን አንድ በአንድ በቃላችን እንላለን፤ የተሳሳተው እንደገና ይጀምራል። ቁርባንን ስንማር ቆጮውን ቆርሶ ለሁላችንም እኩል ካዳረሰ በኋላ፣ «ይህ የሚያጠግበው ሆዳችሁን ነው። ያኛው ግን ሌላ ነው፤ እኔ አልቀመስኩትም፣ ስትቀምሱት ትነግሩኛላችሁ» አለን።

የፈተናው ቀን አባ በሕዝቡ ፊት አቆሙኝ። ጸሎቱን አልኩ። ቁርባን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ በትምህርቱ ያልነበረ ነገር ጠየቁኝ።

«ዮሴፍ ወንድሞቹን ለምን ማራቸው?»

ያጠናሁት መልስ አልነበረኝም፤ አባቴ ግን ታሪኩን ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነበር፤ እሱኑ አልኩት። «ሲያያቸው ርቧቸው ነበር። ወንድሞቹ ናቸው፣ የት ይሂዱ?»

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉ አባ።

«አባቴ» አልኩና ወደ በሩ አመለከትኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። በራሶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲያዩት አንገቱን ደፋ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ ያን ቀን ግን ደረቴ በኩራት ሲሞላ እግሬ መሬቱን የለቀቀ ነበር የመሰለኝ።

እኛ በፋሲካ ዋዜማ ተጠመቅን፣ በበዓሉ ቆረብን። እሱ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድም እሑድ ሳያጓድል መጣ፤ ለቁርባን ስንሰለፍ ብቻ ወጥቶ ደጅ ከጣራው ጠርዝ ሥር ይቆማል። ትልቋ ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ታመመች። አባ ቤታችን መጥተው አጠመቋት፤ እጇ በእናቴ እጅ ውስጥ ሆኖ ነው ያረፈችው። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ መምህር ጴጥሮስ መጥተው አሁን የሚከለክል ነገር እንደሌለ ነገሩት። አባቴ ደስ አላለውም፤ «በእሷ ሞት ነው እንዴ የምገባው?» ብሎ ለረጅም ጊዜ አመነታ። በመጨረሻ ያሳመነው የትልቋ የበኩር ልጅ ነው፤ «እናቴ ቀድማ ገብታ ትጠብቃችኋለች» አለው።

እናቴና እሱ በአንድ ቀን ተጠመቁ፣ በዚያው ቀን በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። የእሱ ክርስትና አባት የትልቋ ልጅ ሆነ። የእናቴ ክርስትና እናት እኔ ሆንኩ፤ የወለደችኝን እናቴን እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ለጥምቀት አቀረብኳት።

ዛሬ እኔም ልጆች ለቁርባን አዘጋጃለሁ። ከቤተሰባችሁ መጀመሪያ ክርስቲያን የሆነው ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል። በጥምቀት የቀደምነው እኛ ነን። እኔ ግን ሁልጊዜ የምነግራቸው የበራሶን ስም ነው።