«በእጄ ፈትሼዋለሁ» ያልኩለት መፍጫ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ነው። ዛሬም አዲስ ዕቃ ከካርቶን ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ፈንድቄ፣ እንደዚያ ደንግጬ፣ መልሼ ደግሞ የፈነደቅሁበት ጊዜ የለኝም።

አስቀድሜ ስለ ብሎጌ ልንገራችሁ። ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ በእረፍት ቀኔ የምጽፍበት የግል ገጽ ከፍቼ ነበር። ወሬዬ ሁሉ የቤት ዕቃ ነው። የትኛው ካውያ ልብስ ያቃጥላል፣ የትኛው ፔርሙዝ ሙቀት ይይዛል፣ አገር ቤት ሲላክ የማይሰበረው የቱ ነው። በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ ተጠቅሜበት ደህና ሆኖ ካገኘሁት ብቻ መጨረሻው ላይ «በእጄ ፈትሼዋለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ይቺን ቃል ካላዩ የማይገዙ አንባቢዎች ነበሩኝ።

እዚህ ከተማ የቤት ዕቃ መደብር ያለው አቡ ሳልም የሚባል ሳዑዲ አለ። የእኛ ሰዎች ስልካቸውን እያሳዩ «ይቺ ልጅ ያለችውን ስጠን» ሲሉት ጊዜ ልጅቷ ማን እንደሆነች አጠያይቆ አገኘኝ። ዕቃዬን አስተዋውቂልኝ አለኝ። የቀድሞ መዳሜ ደግ ነበረችና ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ወደ እሱ እንዲዞር ፈቀደች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ለዓመታት ወለል ስወለውል የኖርኩ ሴት፣ ስለ ዕቃ በማውራቴ ደመወዝ ሊከፈለኝ ነው!

«ብሎጌ ግን የራሴ እንደሆነ ይቀጥላል» አልኩት።

«አንቺ ብቻ ሽጪልኝ» አለኝ። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ አዲስ የመጣ የቅመም መፍጫ ነበር። አቡ ሳልም ስልኩን ደግኖ ሊቀርጸኝ ቆመ፤ አንድ እፍኝ ሄል ጨመርኩ። በሃያ ሰከንድ ዱቄት ሆነ። ሽታው መደብሩን ሞላው፤ እኔም በደስታ ሰከርኩ መሰለኝ፣ ቪዲዮውን በመደብሩ ገጽም በራሴም ብሎግ ለጠፍኩና ከሥሩ «በእጄ ፈትሼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ መደብሩ በእኛ ሰው ተጨናነቀ። አቡ ሳልም «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ሲል ዋለ። እኔማ በራሴ ቁመት ላይ አንድ ክንድ የጨመርኩ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ደዋይዋ ዘይነባ ትባላለች፤ ከከተማው ርቆ አድ-ዳኢር ተራራ ላይ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። አይቻት አላውቅም።

«እታለም፣ ወላሂ አንቺን አምኜ ገዛሁት። ሐሙስ አገሬ ልገባ ነው። እናቴ ክንዷ ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ ሙቀጫ አትችልም። መብራት ገብቶላቸዋል አሉኝ፣ ይሄን ይዤላት ልሄድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የረመዳኑን በርበሬ ጢም አድርጋ ሞልታ አንዴ ትፈጨዋለች አይደል?»

ክው አልኩ። ከሄል በስተቀር ምንም አልፈጨሁበትም ነበር።

«ቆይ፣ አጣርቼ ልደውልልሽ» አልኩና ዘጋሁት።

እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ። መፍጫ ስናይ የሚታየን ወፍጮ ቤት ነው። እስከ አፉ ሞልተን፣ እስኪያልቅ አናጠፋውም። ወዲያው አንዱን መፍጫ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፤ በርበሬም ከሐበሻ ሱቅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጢም አድርጌ ሞላሁና ለቀቅሁት። አራተኛው ደቂቃ ላይ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ብነካካው፣ ነቅዬ ብሰካው አልነሳ አለ።

የመመሪያውን ወረቀት ያኔ ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት። በዐረብኛ ቁጭ ብሏል። ከግማሽ በላይ አትሙላ፣ ሁለት ደቂቃ ፍጭ፣ አሥር ደቂቃ አሳርፍ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስሞክረው መፍጫው ደህና ተነሳ። የዋሸሁት እኔ ነበርኩ፤ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ለዘይነባ ብደውል አይነሳም። መልእክት ላኩላት፣ አልታየም። ያለኝ መንገድ ብሎጌ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ብጽፍ ደግሞ አቡ ሳልም ዕቃዬን አበላሸሽብኝ ብሎ ሊያባርረኝ ይችላል፤ የሙከራ ጊዜዬ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። እምቢ ካለኝ እንደማልጽፈው ራሴን አውቃለሁ።

ጻፍኩት። «በእጄ ፈትሼዋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። የፈተሽኩት ዛሬ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ የሆነውን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ለጠፍኩ። ጠዋት ገና መደብሩ ሲከፈት አቡ ሳልም ፊት ቆሜ ነገርኩት።

«ደመወዝሽን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ አንቺ ዕቃዬን ትሰድቢያለሽ? ኸላስ!» ብሎ በእጁ በሩን አሳየኝ።

እያለቀስኩ ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ «ያ ብንት፣ አንቺ ልጅ፣ ቆይ» አለኝ። «ስንት ደቂቃ ነው ያልሽው?»

«ሁለት ደቂቃ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ።»

ከጠረጴዛው ሥር ሦስት መፍጫ አወጣ። ሦስቱም በዚያው ሰሞን የእኛ ሰዎች ተበላሸ ብለው የመለሷቸው ናቸው፤ ለአስመጪው ሊመልሳቸው አስቀምጧቸው ኖሯል። አንዱን ሰካው፣ ተነሳ። ሁለተኛው ተነሳ። ሦስተኛው ሲነሳ አቡ ሳልም እጁን በእጁ መትቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ያላ፣ በቋንቋችሁ ጻፊው። በየካርቶኑ ላይ ለጥፊ!»

ዓይኔን ሳልጠርግ ጽሑፉን ጀመርኩ። የዚያን ቀን ደስታዬን የት ላድርሰው!

ዘይነባ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ሐሙስ አለፈ። ረመዳን ገባ። ማሽኑን አቃጥላው ይሆናል፣ እናትየውም ወደ ሙቀጫዋ ተመልሳ ይሆናል እያልኩ ስብሰለሰል፣ አንድ ቀን የድምፅ መልእክት መጣልኝ። መጀመሪያ የመፍጫ ጩኸት ነው። ከዚያ ቀጥ አለ።

«ጨምሪው እንጂ እማ፣ ገና አላለቀም» ስትል ዘይነባ ትሰማለች።

«ተይው ይረፍ። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ብላለች አላልሽኝም? በሬም እኮ ይፈታል» አለች አንዲት አሮጊት።

ዘይነባ ሳቋን ለቀቀችው። «አብሽሪ እታለም፣ አውሮፕላን ልሳፈር ስል አነበብኩት» አለችኝ።

አሁንም በአቡ ሳልም መደብር ነኝ፤ ብሎጌም አለ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ዛሬም እንደ ሕፃን ነው የሚያደርገኝ። ግን መጀመሪያ ቤቴ ወስጄ፣ ያቺ እናት እንደምትጠቀምበት አድርጌ እሞክረዋለሁ። አቡ ሳልም ሲቸኩል፣ «ተው ይረፍ፣ በሬም ይፈታል» እለዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አስረድቼዋለሁ፤ ይስቅና ይጠብቀኛል።