ወንድሜን ሊገመግም የመጣው ሰውዬ

ሰውየው መኪናውን ከቤታችን ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ቶሎ አልወረደም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሱን አየዋለሁ፣ እሱ ቤታችንን ያያል። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ በር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች፣ ከዚያ የጎረቤቱን መኪና። እንደሚመጣ ወንድሜ ነግሮናል። ቢሆንም ቤት በዓይኑ የሚመዝን ሰው ደስ አይለኝም።

"ማነው?" አለች እናቴ ከኩሽና።

"ያ የፉትቦሉ ሰውዬ ነው።"

"ታዲያ ውጭ ምን ይሠራል?"

"ያጠናናል።"

ወንድሜ ኳርተርባክ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ በአሜሪካኖች ፉትቦል ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በቅጽበት የሚወስነው፣ ቡድኑን የሚመራው ልጅ ማለት ነው። እናቴ "በእጅ እየወረወሩት እግር ኳስ ይሉታል" እያለች ስታሾፍበት ኖራለች። ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ስንኖር ከሰፈር ልጆች ጋር የጀመረው ጨዋታ ግን ከተራራው ወዲያ ያለ ኮሌጅ አስገባው። እኛም በዚያው ሰሞን ወደ ሬንተን ተዛወርን።

ተጫዋቾቹ ኮሌጅ ሲጨርሱ ትልልቆቹ ቡድኖች ተራ በተራ ይመርጧቸዋል። ከመምረጣቸው በፊት ይመረምሯቸዋል፤ ምርመራ ስል የምሬን ነው። የወንድሜን ቁመት ለኩ። መዳፉን አስዘርግተው ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ለኩት። በሬ ሊገዙ ነው እንዴ ብዬ ደሜ ፈላ። የተጫወተውን በቪዲዮ እያስቆሙ "እዚህ ጋ ምን አየህ? በግራ በኩል ነፃ የነበረውን ልጅ ለምን አላየኸውም?" ይሉታል። የግል አሠልጣኙ ደግሞ ብርዱን ሁሉ እግሩን የት እንደሚያስቀምጥ እንደገና ሲያስተምረው ከረመ፤ አንድ ጊዜ ስልጠናው ላይ ሄጄ ሳይ ኳስ ሳይነካ ወደ ኋላ መራመድ ብቻ ሲለማመድ ዋለ። ይኼ አሠልጣኝ በነፃ ብር እየበላ ነው ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ልጁ በፀደይ ሲወረውር ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

ሰውነቱንና ጭንቅላቱን ከጨረሱ በኋላ ወደ ጠባዩ ይዞራሉ። ለመምህሮቹ፣ ለክፍል ጓደኞቹ፣ ለድሮ ፍቅረኛው ሳይቀር ኮል አደረጉ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚጠየቀው ለጋብቻ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ግን ሁሉም ያውቅበታል፤ ጠያቂው ሽማግሌ፣ ተጠያቂው ጎረቤት፣ የሚባለውም የሚታለፈውም የታወቀ ነው። ይኼኛው ምን ቢሰማ ደስ እንደሚለው አይታወቅም። የማይታወቅ ጠያቂ ደግሞ ያስፈራኛል።

ወንድሜ ከዚህ ውጭ ያለመው ነገር አልነበረም። "ውርወራዬን ወደውታል" አለኝ ሰውየው ሊመጣ ዋዜማ ከኮሌጁ ደውሎ። "የቀረው የዚህ ሰውዬ ቃል ነው። እሱ ጥሩ ካለ የላከው ቡድን ይወስደኛል። ፕሊስ አትቆጪው።" እኔን ነው የፈራው። እናታችንን ማን ጠረጠረ!

ሰውየው ገብቶ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ይኼን ያህል የሠለጠነ እንግዳ ለደህና አይመጣም አልኩ በሆዴ። እናቴ ሳምቡሳና ሻይ አቀረበችለት፣ በላ፣ አመሰገነ። ከዚያ ማሞገስ ጀመረ። "ልጅዎ ድንቅ ነው። እንዲህ ያለ ክንድ ብዙ አላየሁም። ጭንቅላቱ ፈጣን፣ ቁመናው የመሪ፣ ጓደኞቹም የሚሞቱለት።" እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ ማሻአላህ የለ፣ ምን የለ። ከየት አምጥቶ ይበል፣ ምስኪን! እናቴ ግን የደሴ ሴት ናት። በእያንዳንዱ ሙገሳ የሻሿን ጫፍ ይበልጥ ስትጨብጥ አያታለሁ። አንድ ባዳ ሰው ልጇን ፊት ለፊቷ በዓይኑ እየበላው ነው።

"ቤት ውስጥስ እንዴት ነው?" አላት።

እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ እንግሊዝኛዋ አጭር ቢሆንም ይገባል። "እሱ?" አለች። "እሱ ሰነፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። የሚነግሩትን አይሰማም። ምኑም አይረባ።"

ያ ሰነፍ የተባለው ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚሮጥ ነው። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ከኮሌጅ በመጣ ቁጥር ሱቅ የሚሄድላት፣ የመኪናዋን ዘይት የሚቀይርላት እሱ ነው። ግን እናቴ ልጆቿን በሰው ፊት አሞግሳ አታውቅም። እኔ ካፒቶል ሂል ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ሱፐርቫይዘር ስሆን ለጎረቤት የነገረችው "ሰሃን ታነሳለች" ብላ ነው። ጎረቤታችንም "አላህ ይጨምርላት" ብላ መረቀችኝ፤ ገብቷታላ። ያን ቀን ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ሐበሻ እናት ብትኖር ኖሮ ይቺ ሴትዮ ለልጇ ነፍሷን ትሰጣለች ብላ ትሄድ ነበር።

ሰውየው ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ጻፈ።

"ሶ" አልኩ ቶሎ ብዬ፣ "በኛ ባህል ልጅን በእንግዳ ፊት አያሞግሱም። ዓይን ይፈራል። እሷ ያለችውን ገልብጠህ ነው መረዳት ያለብህ።"

ቅድም ጣሪያችንን ባየበት ዓይኑ አየኝ። "ኦኬ" አለ። ስንት ቤት ገብቶ ስንት እህት "እንዲህ ለማለት ፈልጋ ነው" ስትለው እንደሰማ ያቺ "ኦኬ" ነገረችኝ። ይባስ ብላ እናቴ በአማርኛ ወረደችብኝ። "ምን እያልሽው ነው? ወንድምሽን ልታስበዪው ነው?" ለጥንቃቄ ደግሞ ወደ ሰውየው ዞራ በእንግሊዝኛ ጨመረች፤ "ቁጡም ነው።" እኔ ሰውየውን ጠርጥሬ፣ ሰውየው እኔን ጠርጥሮ፣ እናቴ ሁለታችንንም ጠርጥራ ሻያችንን ጨረስን።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወንድሜን ጠርቶ አነጋገረው። እንዴት ነበር ስለው "ደህና" ብቻ አለኝ። ደህና የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም፤ ሆኖም ተውኩት።

የምርጫው የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ስም ይጠራል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ እናቶች ይታቀፋሉ። ያ ቡድን ተራው ሲደርስ ሌላ ኳርተርባክ ወሰደ፤ እሱ የወረወረውን ግማሽ እንኳ የማይወረውር ልጅ። ስም መጥራቱ አበቃ። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ጋራዡ ወጣ። ተከተልኩት።

"ምን ነበር የጠየቁህ?" አልኩት። "አሁን ንገረኝ።"

መኪናዋን ተደገፈ። "'እናትህ ሰነፍ ነው፣ አይሰማም፣ ቁጡ ነው ብላለች። እውነት ነው?' አሉኝ።"

"እና ምን አልክ?"

"'እሷ ካለች እውነት ነው' አልኳቸው።"

"አንተ ልጅ ጤነኛ ነህ? አታስረዳቸውም?"

"አንቺ አስረድተሽ የለም እንዴ? 'እህትህ ልትሸፋፍንልህ ሞክራለች' ነው ያሉኝ።" ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ የሚቀጥለውን በአማርኛ አለው። "ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እናቴን ውሸታም ልበላት?"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። "ለሷ እንዳትነግሪያት" አለኝ። "ይኼን ከሰማች ራሷን ትበላለች።" ቃል ገባሁለት።

ሳሎን ስመለስ እናቴ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ተቀምጣለች። "ለምን ተዉት?" አለችኝ።

"አላውቅም እማ። ተጫዋች በዝቶ ይሆናል።"

"አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ማን ነገራት ብዬ ወደ ጋራዡ በር አየሁ።

"ያ ሰውዬ ነው ዓይኑን የጣለበት" አለች። "ያን ሁሉ ሲያወድሰው እኔ ሰነፍ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰነፍ ማለት ምን ያግዳል? ሌባ ነው፣ ሰካራም ነው ማለት ነበረብኝ። ሰሰትኩለት እኮ። ልጄን ለማጣጣል ሰሰትኩ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"የምትችይውን ብለሻል፣ እማ" አልኳት።