ለሐኪም ሻንጣ አይያዝም

እስካሁን ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። የምኖረው ሲያትል ዳር፣ ስካይዌይ ነው፤ በገዛ መኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው በጋ ከሊንውድ ወደ ላይ ካለ የእንጆሪ እርሻ አንድ ካቦ ኮል አደረገልኝ። «አንድ ሠራተኛ አለ፣ ኤርፖርት አድርሺልኝ» አለ። ኦኬ አልኩ፤ ሥራዬ ነው።

ስደርስ ሰውዬው እጁን በወጥ ቤት ጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል። ከሜክሲኮ ለለቀማ የመጣ፣ ቁጥብ ያለ ሰው ነው። ሻንጣውን ከኋላ የጫነው ካቦው ራሱ ነው። በሩንም የዘጋለት እሱ ነው። ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሸኘን።

መንገድ ላይ ሰውዬው በስልኩ መተርጎሚያ ያወራኝ ጀመር። «ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» አለኝ።

«የምን ሐኪም ቤት?»

ጨርቁን ፈታልኝ። ወይኔ! ተጎታች ከትራክተር ጋር ሲያያይዝ ተጨፍልቆ፣ እጁ እስከ አንጓው አብጦ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ካቦው «ሴትየዋ ሐኪም ጋ ትወስድሃለች» ብሎታል። ታዲያ ሻንጣው ለምንድነው ስለው፣ «ካስተኙኝ ልብስ እንዳይቸግረኝ ነዋ» አለኝ። የዋህ!

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ግን እባቡን ራሱን አውቀዋለሁ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ፣ ወገቤን አሞኝ መነሣት ሲያቅተኝ፣ ማዳሜ ሻንጣዬን በገዛ እጇ አሰናድታ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላ ያወረደችኝ ኤርፖርት ነው። ለሐኪም ማን ሻንጣ ይዞ ይሄዳል? ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነበር፤ እሷ ካልፈለገችኝ አገሩም አይፈልገኝም። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ ይሄ ነገር ቀረ ብዬ ነበር። የት ይቀራል! የዚህም ሰው ቪዛ ከአንድ እርሻ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ ልሥራ ቢል አይችልም፤ ካባረሩት መሄጃው አገሩ ብቻ ነው። እጁ ደህና ሳለ የተፈለገ ሰው፣ እጁ ሲጎዳ ማንም ሳያየው ተጭኖ ይሂድላቸው! እዚያ ሄዶ ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል?

ወዴት እየወሰድኩት እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን እያየ «ሐኪም» አለኝ፣ በራሱ አፍ።

የኤርፖርቱን መንገድ ትቼ፣ ሲያትል መሀል ኤግዚት ወጥቼ፣ የአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ፓርክ አደረግሁ። ሐኪሟ አይታው፣ እንዲህ ሆኖ አውሮፕላን ቢሳፈር ኖሮ እጁን ያጣ ነበር አለች። ወዲያው ከፍተው አጸዱለት።

ይሄኔ ካቦው ደወለ። ሆስፒታል ነን አልኩት። «በረራው አመለጠው! አንቺን ማን ሐኪም አደረገሽ? ሹፌር ነሽ፣ ዝም ብለሽ ንጂ!» አለኝ።

ዓይኑን በጨው የታጠበ! «የጫንክልኝ ሰው ነው ወይስ የበሰበሰ እንጆሪ?» አልኩት። ሌላም አልኩት፤ እዚህ አይጻፍም። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዞር ስል ሰውዬው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በድንጋጤ ያየኛል። ስልኩን አነሣ። «ምን አልሽው? በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚጠራ የሚወስነው እሱ ነው። ወንድሜም እዚያው ነው የሚሠራው። ደውይለት። እኔ እምቢ እንዳላልኩ፣ ጥፋቱ ያንቺ እንደሆነ ንገሪው።»

«ኧረ ተው! መብት አለህ፤ ጠበቃ እንፈልጋለን፣ ትከሰዋለህ» አልኩት።

«ከስሼ የት ልሠራ? ልጆቼን ምን ላብላ?» አለኝ።

ልጆቹን የሚያበላው እኔ አይደለሁም። ደወልኩ።

«ሶሪ ሰር፣ እሱ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሶሪ» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ካቦው እስክጨርስ ያዳምጣል። ሰውዬው እንግሊዝኛ ባይሰማም «ሶሪ» የምትለዋን ያውቃታል። እሷን ባልኩ ቁጥር በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዝም ስል ደግሞ በደህናው እጁ ቀጥዪ፣ ጨምሪ ይለኛል።