በሦስተኛው ፍለጋ የተገኘው በርሜላችን

እህቴ ለማስተርስ መመረቂያዋ የያዘችው ርዕስ በቤት በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ስለሚራቡ ትንኞች ነው። ሥራዋ ሌሎች በአካባቢያችን ያጠኑትን አንድም ሳይቀር ማሰባሰብ ነበር። «አንድም ሳይቀር» ያለው አማካሪዋ ነው። እሱ ካልፈረመ ዘንድሮ ምርቃት የለም።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እሰፋለሁ። ከሥራ ስመለስ ያተመቻቸውን ወረቀቶች ታቀብለኛለች፣ ርዕሳቸው አንድ የሆኑትን እደራርባለሁ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ፊደሉን አመሳስላለሁ። ለዓይን አፋር ሰው የተመቸ ሥራ ነው፤ ወረቀት አያናግርም።

ከመጀመሪያው ዳታቤዝ፣ ማለትም የጥናት ጽሑፎች ተሰብስበው ከሚገኙበት ድረ ገጽ፣ ብዙ አገኘች። ከሁለተኛው የወጡት ከሞላ ጎደል እነዚያው ነበሩ።

«አየሽ፣ ሌላ የለም ማለት ነው» አለችኝ ደስ ብሏት።

አማካሪዋ ግን በስልክ፣ «ሁለቱም የሚሰበስቡት ከተመሳሳይ መጽሔቶች ነው። ቀፊራ ገበያ ሁለት ሱቅ ጠይቀሽ ሁለቱም ከአንድ መጋዘን ቢያመጡልሽ፣ ገበያውን አዳረስኩ ትያለሽ?» አላት።

ሦስተኛውን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ፈላጊዋ ራሷ ምንም እንዳይገኝ መለመን ጀመረች።

«አቦ፣ ደግሞ አዲስ እንዳታመጪብኝ» ትለኛለች፣ ጽሑፎቹን እኔ የጻፍኳቸው ይመስል።

አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። በሁለቱ ያልነበረ ጥናት ወጥቷል፤ የተሠራው ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ እኛው ሰፈር ነው።

«እነዚህ ሰዎች እኛ ቤት መጥተው ነበር?»

«አዎ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ እያለሽ። ከበርሜላችን ቀድተው የትንኝ እጭ በብልቃጥ ወሰዱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኢንተርኔት ላይ ያለውን ብቻ የምትፈልጊ መስሎኝ።»

እናታችን ከጓዳ ብቅ አለች። «የእኔ በርሜል ትል አለው ብለው ጻፉ?»

«ስም የለበትም እማዬ።»

«ሰፈሩ ካለ እኔም አለሁ። ሁለቱ ዘንድ ከሌለ ተዪዋ። ሁለት ምስክር መቼ አነሰ?»

እህቴ ወረቀቱን ይዛ አንዴ እናቴን አንዴ ኮምፒውተሩን አየች። እኔ አልሰማሁ መስዬ መደርደሬን ቀጠልኩ። በመጨረሻ አስገባችው። አማካሪዋም ፈረመ፤ ፍለጋዋን ያመነው ይህችኑ በማግኘቷ እንደሆነ ነገራት።

እናቴ ግን እስካሁን አልተረጋጋችም። በርሜሉን በየሳምንቱ ትፈትጋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ታሳየዋለች። ጥናቱን ያነበበ እንግዳ እስካሁን አልመጣም።