ሳልጠይቅ የጻፍኳቸው ሰው

ባለፈው እሑድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችው ልጄ ሳራ ከጎኔ ተቀምጣ የአንድ የድሮ አሜሪካዊ ጸሐፊ አጭር ልቦለድ ታነብ ነበር። «ሶ አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ካራክተሮቹን እንዴት ነው ክሪኤት የሚያደርገው? መልካቸውን እንኳ አይነግረንም» አለችኝ። ያንኑ ጸሐፊ እኔም በወጣትነቴ ተምሬዋለሁ፤ ያመጣብኝን ጣጣ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት ሚራክል ማይል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ሁለቱም ቦታ ልቤ አይረጋም ነበር። አስተማሪያችን ስለ ጸሐፊው ስታስረዳ፣ «ሰው ምን እንደተሰማው አይነግራችሁም። እጁ የሚሠራውን ያሳያችሁና ዋናውን ነገር ይተወዋል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው እጅ ሳይ መዋል ሆነ ሥራዬ።

አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ በላይ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዛቸውን ተኩሰው በአውቶቡስ ሎንግ ቢች ከተማ ይሄዳሉ። እዚያ ነርስ ልጅ አለቻቸው። አንድ ቅዳሜ፣ የጃካራንዳ አበባ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት ሰሞን፣ «ዛሬ እኔ ላድርስዎት» አልኳቸው። የምስር ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያዙ፤ መኪናዬን የቃሪያ ሽታ ሞላው። የምትሠራበት ሆስፒታል ፊት ለፊት ስንቆም ግን አልወረዱም። ልጅቷ ከሥራ ወጥታ በአጠገባችን አለፈች። እሳቸው የወረቀቱን ጫፍ እያጠፉ እየዘረጉ በዓይናቸው ሸኟትና «እንሂድ» አሉ። ሳምቡሳውን ለእኔ ሰጡኝ።

ምንም ሳልጠይቃቸው በዚያው ሳምንት ጻፍኩት፤ አባቷን የካደች ልጅና ወረቀት የሚያጥፍ አባት። አስተማሪዬ ወደደችው፣ በኮሌጁ መጽሔት ወጣ። ስማቸውን ብለውጥም አንድ የምናውቀው ሰው ምግብ ቤት ውስጥ መጽሔቱን አሳያቸው።

ሰኞ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠሩኝ። መጽሔቱን ይዘዋል።

«እጄን በደንብ አይተኸዋል» አሉ። «ልጄን ግን በደልካት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አልካደችኝም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ። መልኬንም አታውቀውም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መጽሔቱን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙና «ቅዳሜ ትወስደኛለህ?» አሉ።

ያን ቅዳሜ ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ከመኪናው ወረዱ። የጻፍኩትን እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል፤ «ካደችው» ያልኩትን ሰርዘው «ጥሏት ሄደ» ብለዋል። ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ መጽሔቱን ሰጧት። ፀሐይ ላይ ቆማ አነበበችው፣ ትንሽ ተነጋገሩ፣ ከዚያ መጽሔቱን ይዛ ሄደች።

«ምን አለችዎት?»

«ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።»

ከአንድ ወር በላይ አስጠብቃ ደወለችላቸው። እሳቸው እስኪሞቱም ድረስ አልተለያዩም።

ይህን ለሳራ ነግሬያት ስጨርስ፣ ያ ጸሐፊ ዋናውን ነገር የሚተወው እያወቀው እንደሆነ ነገርኳት። እኔ የተውኩት ስላላወቅኩት ነበር። አሁንም ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ሎንግ ቢች ደወልኩ። «እውነቱን ከሆነ የምትጽፈው፣ ጻፈው» አለችኝ ልጃቸው፤ «ጥሎኝ መሄዱንም እንዳትተወው።»