የሚጮኸው ሞተር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሐይቅ ዳር ላለ አንድ የገበሬ ማኅበር ሁለት የሣር ማጨጃ ሞተር በእርዳታ መጣ። አንዱ በናይሎን ክር የሚያጭድ ቀላል ነው፤ ሌላው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ክብ ስለት ያለው ከባድ። ኑርዬ የሐይቁን ዳር ሣር ሠላሳ ዓመት በማጭድ ያጨደ ሰው ነውና ምርጫው ለእሱ ተተወ።

«ወገብህን አስብ እንጂ አያ ኑርዬ፣ ቀላሉን ውሰድ» አለው ሊቀመንበሩ አስረስ።

«የበለጠ የሚጮኸው የቱ ነው?» አለ ኑርዬ።

አጃኢብ! ማጭድ የሚመርጥ ሰው ስለቱን ይዳስሳል እንጂ ድምፁን ይጠይቃል? ሳቁበት። ከባዱ ተነሥቶ ሲያገሳ የማኅበሩ መጋዘን ተናወጠ። ኑርዬ እሱን ተሸክሞ ሄደ።

አንድ ልጁ ኢስሃቅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወሩ። ያገኘው ሁሉ «ልጁ ጻፈ ወይ?» ይለዋል። ሰው መቼም ቁስል ካየ እጁ አያርፍም! ሞተሩ ከተነሣ ግን የሚጠይቀው የለም። ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ይወጣል፣ እስከ ቀትር ያጭዳል። መጀመሪያ እጁ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ እያደር ሌላውም። ሚስቱ ፈዲላ አጠገቡ ስታለቅስ እንኳ የሚሰማው ጆሮው ውስጥ የቀረው ሞተር ነው። አያዝንም፣ አይደሰትም፤ ያጭዳል።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ቤንዚኑን ከዘይት ደባልቆ፣ ሞልቶ፣ ሥራ እንደ ጀመረ ሰዎች በመስኩ ጫፍ ሲመጡ አየ። ሼህ ሀምዱ፣ ጎረቤቱ ታረቀኝ፣ አስረስ፣ ሌሎችም፤ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። ቤቱ ሄደው ቢያጡት ሴቶቹን ፈዲላ ዘንድ ትተው ነው የመጡት። በማለዳ፣ ያን ያህል ሆኖ፣ አፉን ዘግቶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያገሬ ሰው ያውቃል። መርዶ ነው።

መርዶ ደግሞ በጩኸት አይነገርም። ስለዚህ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቁ። ኑርዬ አላጠፋም። ሣሩን ጨረሰ፣ ውኃው ዳር ያለውን ፊላ ጨረሰ፣ ከማኅበሩ ድንበር አልፎ ለከብትም ለሰውም የማይሆን እሾህ አጨደ። ተመልሶ ደግሞ ራቅ ብሎ ዙሪያቸውን አጨደ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሞተሩ እስኪቆም ግን ገና አልደረሰም፤ እስከዚያ ኢስሃቅ አለ።

ረፋዱ ላይ ሞተሩ አሳለ፣ ሁለቴ ተነጫነጨና ቀጥ አለ። ከሐይቁ የወፍ ድምፅ መጣ።

ታረቀኝ ተነሥቶ ማንገቻውን ከትከሻው ሊያወርድለት ሲል ኑርዬ እጁን ያዘው።

«ታረቀኝ ወንድሜ» አለው፣ «ከእናንተ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ያለው ሰው ይጠፋል?»