እናቷ በሰማይ ናት ያለኝ መጽሐፍ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሶልያና አጠገቤ ቁጭ ብላ እንግሊዝኛዋን ስታጠና፣ በስልኳ ከከፈተችው መዝገበ ቃላት ላይ አንድ ምሳሌ አነበበችልኝ። ሰማይም መንግሥተ ሰማያትም ተብሎ ለሚተረጎመው ቃል ማብራሪያ አድርጎ ያቀረበው ኬክ ነው። «ይህ ኬክ መንግሥተ ሰማያት ነው» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ተንጋልሎ መዋልም እንዲሁ መንግሥተ ሰማያት ነው ይላል። ልጅቷ ሳቀች። እኔም ልስቅ ጀምሬ አልሆነልኝም። ሰባ ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ያ ቃል በእንግሊዝኛ በተጠራ ቁጥር ግን ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ነገሩ የመጣው በልጅነቴ ሞላሌ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማር ነው። ቤተሰቦቼ ወደ ቀየት በኩል፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ነበር የሚኖሩት። እናቴ በየገበያው ቀን በሶና ቆሎ ቋጥራ ትመጣለች፤ እኔም ከትምህርት ስወጣ ገበያው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ያን ሰሞን አስተማሪያችን ፈረንጅ መምህር ትቶት የሄደውን አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አውሶኝ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ አይጥ አይጥ ይሸታል። እኔ ግን ከዳዊት አላሳነስኩትም፤ በነጠላ ጠቅልዬ ራስጌዬ አስቀምጠው ነበር።

ያ መጽሐፍ ቃሉን ተርጉሞ ዝም አይልም፤ በምሳሌ ያስረዳል። ታዲያ ወደ ሰማይ የሚጠጉ ቃላት ላይ ሲደርስ ሰው ሳይገድል ማስረዳት አይችልም! «መልአክ» ስትሉት የሞተው ሕፃን ከመላእክት ጋር ነው ይላችኋል። «ማረግ» ሲሉት የሽማግሌው ነፍስ ዐረገች ይላል። «ተድላ» የምትለዋን እንኳ፣ ደግ ቃል ናት ብዬ ብገልጣት፣ ከመቃብር ወዲያ ያለ ተድላ ሆና አገኘኋት። እየፈራሁ እመለስበት ነበር። ፈርተው የሚመለሱበት ነገር መቼም አይጠፋም።

አንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ስወጣ ድንጋዩ ላይ እናቴ የለችም። ስንቄን ይዘው የቆሙት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። «ትንሽ አሟት ነው፤ አይዞሽ፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አሉኝና ዓይናቸውን ወደ በጎቹ ተራ መለሱ። የአገሬ ሰው ይሄን ይረዳል። እኛ ዘንድ ሞት በአንዴ አይነገርም፤ «ትንሽ አሟታል» ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ መርዶው ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ይመጣል። ምን ሆነች ብዬ ብጠይቃቸው ያንኑ ደገሙልኝ።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን አነሳሁ። በሰፈራችን ሴቶች ሲጨንቃቸው ደብተራ ዘንድ ሄደው መጽሐፍ ያስገልጣሉ፤ እኔ ደብተራ ፊት የምቆምበት ድፍረት ከየት ይመጣል? ያለኝ መጽሐፍ እሱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «አቡነ ዘበሰማያት» ደግሜ ገለጥኩት፤ ጣቴንም አሳረፍኩ። «እናቷ በሰማይ ናት» ይላል። መጽሐፍ ደጋግመው በከፈቱት ገጽ ላይ ራሱ እንደሚከፈት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን መርዶዬን በእንግሊዝኛ የተረዳሁ መሰለኝ።

መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ መንገድ ጀመርኩ። ገብሱ አሽቷል፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች እያየሁ ነጠላዋን ለሐዘን የዘቀዘቀች ትኖር ይሆን እያልኩ ጥለት እመረምራለሁ። አንዲት የማውቃት ሴት ሰላም ብላኝ ቶሎ ስታልፍ ይብስ ፈራሁ። ቤታችን ብቅ ሲል ደጃፉ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ለቅሶ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ብጥል የሚሰማው የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነው።

የተቀመጡት ጠያቂዎች ነበሩ። እናቴ ተስቦ ይዟት የበግ ጠጉር ዝተት ተደራርቦላት ምድጃው አጠገብ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗን ግን ገልጣ ታያለች። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ምን ነገሩሽ ስትለኝ ሰው እንዳልነገረኝ፣ መጽሐፉ እንደነገረኝ ገለጽኩላት። አውጥቼ አሳየኋት። ከትራሷ ቀና አለችና ፊደሉን እንደምታነብ ሁሉ አተኩራ አየችው።

«የክርስትና ስሜን ጠርቷል?» አለችኝ።

«የማንንም ስም አይጠራም። እናቷ ብቻ ነው የሚለው።»

«እንግዲያውስ እኔን አይደለም። እዚያ ሰማይ ቤት ሰው በክርስትና ስሙ እንጂ እንዲሁ አይጠራም። የሰው እናት ናት፤ በይ ነፍስ ይማር እንበላት።»

እኔና እናቴ ለማናውቃት ፈረንጅ ሴት ነፍስ ይማር አልን። መሳቅ አማረኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም መልኩን ለወጠ። ትኩሳቱ በርትቶ ቄሱ ሊጸልዩላት መጡና «ወለተ ሰንበት» ብለው በክርስትና ስሟ ሲጠሯት፣ ማን ነገራቸው፣ አሁን ሰማይ ስሟን ሰማ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ደግነቱ የዚያን ጊዜው ጸሎት የታማሚ ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ልጆቼን አቅፋ ለማሳደግ በቃች። ያ ስም በፍትሐት ሲጠራ የሰማሁት እኔም ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን መጽሐፉ ትዝ አላለኝም፤ ሰማዩ አወቃት ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ለሶልያና ስነግራት ስልኳን አስቀምጣ፣ «እማማ፣ የእርስዎስ የክርስትና ስም ማን ነው?» አለችኝ።

ከልጆቼ አንዱም አያውቀውም። በስም መተት የሚሠራ ሰው አለ ሲባል ስለኖርኩ ደብቄው ኖሬያለሁ፤ ለእናንተም አልነግራችሁም። ግን አንድ ቀን ቄሱ ለፍትሐቴ ስሜን ሲጠይቁ ማን ይመልስላቸዋል? ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ስልኳ ላይ ልትጽፈው ስትል እጇን ያዝኩ፤ በቃልሽ ያዢው አልኳት። ቀስ ብላ ደገመችው። በጠራችኝ ቁጥር ሰማይ እንዳይሰማት እየፈራሁ፣ እንዳትረሳው ደግሞ እየፈራሁ፣ «እንደገና» አልኳት።